ከታቦር ተራራ ሥር የቆመው አስታማሚ

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፤ በተራራው ስም የተጠራችው ከተማችን ደብረ ታቦር ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በዓሉን የራሷ አድርጋ ታየዋለች። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፥ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ እናቶች ሙልሙል ያድላሉ፤ ማታ ችቦ ሲበራ በጉና ላይ የተኛው የክረምት ጉም እንኳ ለጥቂት ሰዓት የተገለጠ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያንም የመለኮቱ ብርሃን የተገለጠበት ምሥጢር፥ የሙሴና የኤልያስ መምጣት፥ ጴጥሮስም በዚያ ለመኖር ዳስ ሊሠራ መሻቱ ይሰበካል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ስብከታችን አብዛኛውን ጊዜ ከተራራው ራስ ላይ ይቀራል፤ ጌታችን ግን በተራራው ላይ አልቀረም፤ ወረደ።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ9ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው፤ ጌታችን በወረደ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ፥ ጻፎችም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲከራከሩ አገኘ። በክርክሩ መካከል ልጁ የታመመበት አንድ አባት ቆሞ ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ በእሳት፥ አንድ ጊዜ በውኃ ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ እንግዲያውስ አባትየው ቀንና ሌሊት ከእሳትና ከውኃ ሲያወጣው ኖሯል ማለት ነው። ወደ ደቀ መዛሙርቱ አመጣው፤ አልተቻላቸውም። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ያንን አባት ቀርቦ ያነጋገረ ሰው አልተጻፈልንም። ጌታችን ግን ልጁን ከመፈወሱ በፊት ወደ አባትየው ዘወር ብሎ፤ ነገሩ ከጀመረ ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይህን የጠየቀው የዘመኑ ቍጥር ጠፍቶት አይደለም። ሰውየው የተሸከመውን በአፉ እንዲናገር ቦታ ሊሰጠው ነው ብለን እናስተውላለን።

አባትየው በመለሰው ቃል ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት ነገር አለች። እርዳታ ሲለምን ለልጁ ብቻ አልለመነም፤ ልመናውን በብዙ ቍጥር አደረገው፤ ራሱንም ከሚታዘንላቸው ጋር ቈጠረ። ሕመምተኛው አንድ ነው፤ ለማኙ ግን ስለ ሁለት ይለምናል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

በቋንቋችን የታመመን ሰው የሚጠብቀው አስታማሚ ይባላል። ቃሉ ታመመ ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ ሕመም በውስጡ አለ። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲያወጡ የሚያውቁት ነገር ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ይዘን ትርጓሜውን የረሳን ይመስለናል። የታመመውን ለመጠየቅ ወደ ቤት እንገባለን፤ አልጋው አጠገብ እንቀመጣለን፤ ጸሎት አድርሰን፥ መስቀል አሳልመን፥ የቀረበልንን ቀምሰን እንወጣለን። ውኃውን ያሞቀውን፥ ልብሱን ያጠበውን፥ ሌሊቱን ያልተኛውን ሰው ግን ከእግዚአብሔር ይስጥልኝ በቀር ሌላ ቃል አንናገረውም።

ይህን በሌላ ሰው ላይ የምንፈርድበት አይደለም፤ እኛው ራሳችን ያደረግነው ነው። ከጉና ተዳፋት በአንዱ ሰበካ ገብስና ድንች የሚያመርት፥ በማኅበር የታወቀ፥ አንድ የንስሐ ልጅ ነበረን። ከዚህ በታች የምንተርከው በንስሐ ምሥጢር የተነገረን አይደለም፤ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን የሰማነው ነው፤ ስሙና መንደሩ እንዳይገለጥ አድርገን ለካህናት ትምህርት እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል። ባለቤቱ ድንገት ወድቃ ግማሽ አካልዋ አልታዘዝ ካላት አምስተኛ ዓመቷ ነበር። በአዝመራ ጊዜ ያርሳል፥ ያጭዳል፤ ማታ ገብቶ ያጥባታል፥ ያገላብጣታል፥ ያጐርሳታል፤ በክረምት ጭቃ በቃሬዛ አድርጎ ጠበል ያወርዳታል። በአገራችን ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት መቀመጡ እንደ ነውር ስለሚቈጠር፤ እንጀራ የሚጋግረው ጎረቤት በተኛ ጊዜ ሌሊት ነበር። ይህን የእንጀራውን ነገር ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው።

እኛም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ትዕግሥት ስናስተምር በሕዝብ ፊት አነሣነው፤ ሁለተኛ ኢዮብ ብለን አመሰገንነው። ሴቶች እልል አሉ። እርሱ መሬት መሬት አየ፤ እኛም ትሕትና መሰለን። ከዚያ ወዲህ ከማኅበር መቅረት ጀመረ፤ ሲመጣም ጠበል ጠዲቁን ሳይቀምስ ይሄዳል። ቀጥሎ አረቄ ቤት ታየ ተባለ፤ በልጆቹ ላይ ይጮኻል ተባለ። ማኅበርተኛው መቀጫ ጣለበት፤ እኛም ጠርተን ገሠጽነው። ምስጋናችን አፉን እንደ ዘጋበት፤ ኢዮብ የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት እንደማይችል በዚያን ጊዜ አልገባንም።

እንግዲህ ይህ ሕመም ምንድን ነው? የአገራችን ሰው ትካዜ፥ ቍዘማ፥ ድብርት ይለዋል፤ ሐኪሞቻችን ድባቴ የሚል ስም ሰጥተውታል። ሰው ዘመድ ሲሞትበት፥ አዝመራው በበረዶ ሲመታበት ማዘኑ የተፈጥሮ ነው፤ ቀን እየገፋ ሲሄድም ኀዘኑ እየቀለለ ይሄዳል። ድባቴ የሚባለው ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሳይለቅ ሲቀመጥ ነው። ሰውየው ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፥ ወይም ከመጠን በላይ ያስተኛዋል፤ ምግብ ይዘጋዋል፤ ያለ ሥራ ይደክማል፤ አሳቡን ለመሰብሰብ ይቸገራል፤ ያልሠራውን ኃጢአት በራሱ ላይ ይቈጥራል፤ በመጨረሻም መኖሩ ለቤተ ሰቡ ሸክም እንደ ሆነ፥ መሞቱ እንደሚሻል ያስባል። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። የሰውነት አፈጣጠር፥ የዘር ውርስ፥ ረጅም ሕመም፥ ድህነት፥ ኀዘን፥ እንቅልፍ ማጣት እየተጋገዙ ያመጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የ2019ን መረጃ ይዞ እንደ ገመተው፤ በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው።

ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ አብዝቶ እንደሚገኝ ይኸው ድርጅት ይናገራል። ነገር ግን በዓለም ሁሉ ሲታይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ሰዎች መካከል የወንዶቹ ቍጥር ከሴቶቹ ከእጥፍ ይበልጣል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ መጠየቅ የእረኛ ተግባር ነው። አንዱ ምክንያት ወንዱ አለመናገሩ ነው። ሕመሙ በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ በእንባ አይገለጥም፤ ቍጣ፥ መጠጥ፥ ዝምታ፥ ከሰው መሸሽ፥ ያለ ዕረፍት በሥራ ላይ መጠመድ ሆኖ ይታያል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድም ወገቤን፥ ራሴን፥ ጨጓራዬን ይላል እንጂ ልቤን አይልም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወንድ ልጅ አያለቅስም ሲባል አድጓል፤ ካደገም በኋላ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ለነገሩ ሆድ የገባበትን ሁሉ የሚፈጭ ወፍጮ አይደለም፤ አንዳንዱ ነገር ሳይፈጭ ይቀመጥና ሆዱን ራሱን ይፈጀዋል።

ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ከአገራችን መውጣት አያስፈልገንም። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ይገኛል። የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ የቅርብ ወዳጆቻቸው ፕላውዴንና ቤል ተራ በተራ ተገደሉ። ከእቴጌይቱ ሞት ወዲህ የንጉሡ ጠባይ እየተለወጠ፥ ቍጣቸውም እየበረታ እንደ ሄደ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈች። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ከ150 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ያለፈውን ንጉሥ ዛሬ ደም ሥሩን ዳብሶ እንዲህ ታሞ ነበር ማለትም አይቻልም። ስለ ሠራዊታቸው፥ ስለ መድፋቸው፥ ስለ ቍጣቸው የተጻፈው ግን ብዙ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ወንድ ኀዘኑን ለማን ነገረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ንጉሥ ይህን ያህል ብቸኛ ከሆነ የጉና ገበሬ እንዴት ይሆናል?

ከካህናት ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ ይህ ሁሉ የእምነት ጕድለት ነው ሲሉ እንሰማለን። እኛም ብለን ነበር። አሁን ግን ወደ ታቦር ተራራ ራስ እንመለስና በብርሃኑ ውስጥ ከጌታችን ጋር የቆሙትን ሁለቱን ነቢያት እንመልከት። ኤልያስ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ19ኛው ምዕራፍ፤ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሱ እንድትወሰድ ለምኗል። ሙሴም በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ፤ የሕዝቡን ሸክም ብቻውን መሸከም ስላልቻለ እግዚአብሔር እንዲገድለው ለምኗል። ጌታችን ለክብሩ ምስክሮች አድርጎ ወደ ታቦር የጠራቸው ሁለቱም ሞትን የለመኑ ሰዎች ናቸው። እነርሱን እምነት የጐደላቸው የሚል ማን ነው?

የእግዚአብሔርንም መልስ እናስተውል፤ ሁለቱንም አልገሠጻቸውም። ለኤልያስ መልአክ ላከለት፤ መልአኩም ስብከት አላመጣም፤ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አመጣ። ነቢዩ በላ፥ ጠጣ፥ እንደ ገናም ተኛ፤ መልአኩም ተመልሶ ሁለተኛ አበላው። የአርባው ቀን መንገድም ሆነ የኮሬብ ንግግር የመጣው ከእንቅልፍና ከምግብ በኋላ ነው። ለሙሴ ደግሞ ሰባ ሽማግሌዎች ተሰጡት፤ ሸክሙን እንዲካፈሉት። ለአንዱ ዕረፍት፥ ለሁለተኛው ተካፋይ ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞች ለደከመ አስታማሚ የሚመክሩት ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ የራቀ አይደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ404 ዓ.ም. ከቍስጥንጥንያ በተሰደደ ጊዜ፤ ኦሎምፒያስ ለተባለች ዲያቆናዊት የጻፈላት 17 መልእክታት ዛሬም አሉ። እመቤቲቱ በእርሱ ስደት ምክንያት በብርቱ ትካዜ ተይዛ ነበር። ሊቁ የነፍስን ኀዘን ከሥጋ ሥቃይ ሁሉ የከፋ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እርሱ ራሱ በሽተኛና ስደተኛ ሆኖ ሳለ እየደጋገመ ይጽፍላታል። አንድ መልእክት ጽፎ ይበቃታል አላለም።

በእኛ በኩል ነገሩን የሚያከብዱት የአገሩ ሁኔታዎች ናቸው። አንድ ሰው ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት በሽተኛ ይዞ ደብረ ታቦር ለመድረስ በሬውን ይሸጣል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ሂድ ቢባል ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በሆስፒታል አስታማሚው የሚተኛው በአልጋው ግርጌ በወለሉ ላይ ነው፤ መድኃኒት የሚገዛው፥ ደም የሚያፈላልገው፥ ወረቀት ይዞ የሚሮጠው እርሱ ነው፤ ለእርሱ የሚሆን ካርድ ግን አይወጣም። በጠበል ቦታም እንዲሁ ነው። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ፤ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ውጊያ፤ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የተቋረጠበት፥ ቁስለኛ ይዞ በቤቱ የተቀመጠ፥ ልጁን ቀብሮ ሳያለቅስ ወደ እርሻው የተመለሰ አባት ብዙ ነው።

በአስታማሚነት ከወንዶች ይልቅ የሚበዙት እናቶችና ሴቶች ልጆች መሆናቸውን አንዘነጋም። የእነርሱ ድካም የማይታየው ግዴታቸው ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ነው። የወንዱ ደግሞ የማይታየው ራሱ ስለሚሰውረው ነው። ሁለቱንም የሚጠይቅ ያስፈልጋል፤ አጠያየቁ ግን ይለያያል። ሴቲቱን ስትጠይቃት ምናልባት ታለቅስልህ ይሆናል። ወንዱ ግን ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ካህኑም ይህን መልስ ይዞ ከወጣ ምንም አልጠየቀም ማለት ነው። አብሮት ተቀምጦ፥ ስለ እርሻው፥ ስለ ከብቱ አንሥቶ፥ ቀጥሎ እንቅልፍህ እንዴት ነው፥ ምግብ ይስማማሃል ወይ፥ ከተቈጣህ በኋላ ምን ይሰማሃል ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራንን ጥያቄም መፍራት የለብንም። መሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? ብሎ በግልጥ መጠየቅ በሰው ልብ ውስጥ ያልነበረውን አሳብ እንደማያስገባ ሐኪሞች መርምረው አረጋግጠዋል፤ ይልቁንም የተጨነቀው ሰው እፎይ ይላል። አዎን ያለውን ሰው ብቻውን መተው አይገባም፤ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው አብሮት እንዲሆን አድርጎ፥ ሊጐዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቆ፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ የሲኦልን ነገር እያነሡ ማስፈራራት ከጕድጓድ አፋፍ የቆመውን መግፋት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ፤ ራሱን ስላጠፋ ሰው በተጠየቀ ጊዜ፤ ካህኑ ነገሩን አጥብቆ እንዲመረምር፥ ሰውየው ከአእምሮው ውጭ ሆኖ ያደረገው ከሆነም ቍርባን እንዲቀርብለት መልሷል። አባቶች ሕመምን ከክፋት ለይተው ያዩ ነበር።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት ብዙ መጻፍ አያስፈልገንም፤ ነገሩ በቤተ ክርስቲያናችን የተወሰነ ነው ብለን እናምናለን። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ፤ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱ እንደማይቃረኑ በግልጥ አስተምረዋል። ለድባቴም እንዲሁ ነው። ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ሥራውን ለመጀመር ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ ሕመምተኛው በሦስተኛው ቀን አልሠራልኝም ብሎ እንዳይጥለው፥ ተሻለኝም ብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳያቋርጠው የነፍስ አባቱ ሊመክረው ይገባል። በጾም ወራት መድኃኒቱን በጠዋት መውሰድ እችላለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅም፤ ካህኑ ለታመመ ሰው የጾም ሕግ እንደሚቀልለት ፈጥኖ ይንገረው። በዚህች ጥያቄ መልስ አጥተው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አይተናል።

አሁን ወደ ንስሐ ልጃችን እንመለስ። በገሠጽነው በሁለተኛው ወር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆናት ልጁ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጠብቃን፤ «አባታችን፤ አባቴ ሌሊት አይተኛም። ውጭ ወጥቶ በብርድ ይቆማል። እናቴን የሚጠብቃት ሰው ካገኘሁ እሄዳለሁ ይላታል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም» አለችን። ልጅቱ የነገሩን ትርጓሜ አውቃዋለች ወይም ሳታውቀው ፈርታዋለች፤ እኛ ግን ወዲያው ገባን።

በማግሥቱ ማለዳ ሄድን። እንደ ልማዳችን ወደ አልጋው ቀርበን ባለቤቱን ጠየቅናት፥ ጸለይንላት። አንደበቷ የተሳሰረ ቢሆንም እየደጋገመች በጤናማው እጅዋ ወደ በሩ ታመለክት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ባልዋ ነው። ከእኛ ይልቅ እርስዋ አስቀድማ አይታው ኖሯል። ወጥተን ከደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «አንተስ ልጄ፤ ይህ ነገር ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አልነው። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፤ «አባቴ፤ እርስዎ ኢዮብ ያሉኝ ዕለት ልነግርዎ አስቤ ነው የመጣሁት» አለን።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ከዚያ በኋላ የነገረን ብዙ ነው፤ ሁሉን ልንጽፈው አይገባንም። የባለቤቱ ሕመም በእርሱ ኃጢአት የመጣ መስሎት እንደ ነበር፤ አረቄውን የሚጠጣው ለመተኛት እንደ ነበር፤ ልጆቹን ከገረፈ በኋላ በረት ገብቶ እንደሚያለቅስ፤ መሞትንም እንዳሰበ ነገረን። ይቅርታ ጠየቅነው። ካህን ከንስሐ ልጁ ይቅርታ መጠየቁ ያልተለመደ ይመስላል፤ እኛም ብንቀር በወደድን ነበር፤ ግን ሌላ መንገድ አላገኘንም። በዚያው ቀን ከወንድሙ ጋር ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰድነው፤ መድኃኒትም ታዘዘለት፤ አረቄውንም እንዲተው ተነገረው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ በአራተኛው ልጅቱ አባቴ ትናንት ሳቀ ብላ ነገረችን።

የቀረው የማኅበሩ ሥራ ነበር፤ ይኸኛው ከመድኃኒቱ ይልቅ አስቸገረን። ገበሬው ሁሉ ለአጨዳ ደቦ ይወጣል፥ በወንፈልም እርስ በርሱ ይተጋገዛል፤ ለማስታመም ግን ደቦ ተጠርቶ አያውቅም። የሰው ቤት ገብቶ የሰው ሚስት ማስታመም እንዴት ይሆናል ያሉ ነበሩ፤ ይህን መቀጫ ብሎ የጣለበትን ማኅበር እንዴት ብለን እንላካለን ያሉም ነበሩ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነገሩን አቀለሉት። በእኛ አገር አቋቋም በመቋሚያ ነው። በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩትን፥ ልጃቸው ተክሌም በደብረ ታቦር ያስተማረውን ዝማሜ የሚያውቅ ሰው፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው እንዴት እንደሚወዛወዙ ያውቃል። መሪጌታው መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው፤ «ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ስቆም በዚህ ስደገፍ ደካማ ብሎ የሰደበኝ ሰው አለ? ያ ሰው አምስት ዓመት ያለ መቋሚያ ቆሟል» አሉ። ሌላ ክርክር አልተነሣም።

መቀጫው ተነሣ። ከማኅበሩ ሴቶች ሁለት ሁለቱ እየሆኑ በሳምንት ሁለት ሌሊት ከባለቤቱ ጋር እንዲያድሩ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ እንጀራ በቀን፥ በሩ ተከፍቶ እንዲጋግሩ፤ ወንዶቹም ውኃና እንጨት እንዲያመጡ ተራ ወጣ። እርሱ በተራው ሌሊት በወንድሙ ቤት እንዲያድር ተወሰነ፤ እቤት ካደረ በየድምፁ ይነሣልና። ተራው ሁልጊዜ ያለ ጕድለት ተፈጽሟል አንልም፤ በአዝመራ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ እንደ ገና እየለመንን አስጀምረነዋል።

የመጀመሪያው ተራ የዋለው ማክሰኞ ሌሊት ነበር። ረቡዕ ረፋድ ላይ ስናልፍ ልጅቱን በአጎትዋ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። አባትሽስ? ብንላት፤ ጣትዋን በከንፈርዋ ላይ አድርጋ፤ «ገና አልነቃም» አለችን። እኛም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አለፍን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።